አጅማን ላይ የተከፈለ ወንፈል

ለምሳሳልሽ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምሽ እማዬ? ክረምቱስ እንዴት አለፈልሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? "ደህና ነው" እንደምትይ ስለማውቅ ጥያቄዬን ላስተካክለው፦ ጉልበትሽ በእውነት እንዴት ነው? ከተቀመጥሽበት ስትነሺ ግድግዳ ትይዣለሽ ወይስ አትይዥም? እንቅልፍስ ይወስድሻል? አክስቴ ሰዓዳ ጆሮዋ ተሻላት ወይስ አሁንም "ዝናብ መጣ" ሲሏት "ማን መጣ?" ትላለች? ላሟስ ወለደች? እህቴ ሰልማስ ከኮምቦልቻ ብቅ ትላለች? መንደራችን ደጋን ከላይ እስከ ታች፣ ጎረቤቱም ዘመዱም ሰላም ነው ወይ? እኔ ልጅሽ ሐጂራ አልሐምዱሊላህ በጣም ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም። ሙቀቱም አሁን አሁን ለቀቅ እያደረገን ነው፤ ጠዋት በር ስከፍት ፊት የሚለበልበው ነፋስ ቀርቷል።

ስልክ እያለ ደብዳቤን ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ስለ ጉልበትሽ ስጠይቅሽ ኔትወርኩ ይጠፋል። ስለ ግቢው ስጠይቅሽ ባትሪው ያልቃል። የሰው ወሬ ስንጫወት ግን ኔትወርኩም ባትሪውም እስከ መግሪብ ይቆያል፤ ምን ዓይነት ስልክ እንደሆነ እኔ እንጃ። ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። አንቺ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥረሽ የምስክር ወረቀትሽን ግድግዳ ላይ የሰቀልሽ ሴት ነሽ፤ መነጽርሽን አድርገሽ ለብቻሽ ታነቢዋለሽ ብዬ ፊደሉን አጉልቼ ነው የጻፍኩት። ከጨረስሽ በኋላ እንደፈለግሽ ተቆጪኝ። ሳትጨርሺ ግን እንዳትጥዪው፣ አፈር ስሆንልሽ።

ነገሩን ከመነሻው ልንገርሽ። ለመውሊድ ደውዬልሽ በቪዲዮ ስናወራ ትዝ ይልሻል? እንደ ልማድሽ ስልኩን ፊትሽ ላይ ለጥፈሽ፣ ከግንባርሽና ከአንድ ዓይንሽ በቀር ምንም አላሳየሽኝም። "ግቢውስ እማ?" አልኩሽ። አንቺም "ግቢው እንደ መስታወት ነው፣ አንዲት አረም አታገኚበትም" አልሽኝ። ይሄን እያልሽኝ ሳለ ጣትሽ ምኑን እንደነካ አላውቅም፣ ካሜራው ዞረ። አንቺ አላወቅሽም። እኔ ግን ግቢውን አየሁት።

ወይ ጉዴ! እማዬ፣ ቅንጬ አረሙ መስኮቱ ድረስ ደርሷል። ከበሩ ወደ ቧንቧው የሚወስደው መንገድ ጠፍቷል። ጭጎጎቱ የሎሚዋን ግንድ አልብሶታል። ጤና አዳሟን ብፈልግ ብፈልግ ዓይኔ አላገኛትም። በሩ አጠገብ ደግሞ ዱላ ተደግፎ አየሁ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ዱላ ሳይዝ ነው ያለፈው፤ አክስቴም ጆሮዋ እንጂ እግሯ አልታመመም። ታዲያ ዱላው የማን ነው? አንቺ "ዛሬ ጠዋት እንኳ ጥርግ አድርጌው" እያልሽ ትቀጥያለሽ፣ እኔ ያንን ጫካ እያየሁ "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" እላለሁ። ሌላ ምን ልበል? ስልኩን ዘግቼ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። አሠሪዬ ማዳም ገብታ ስታየኝ ሽንኩርት ነው ብዬ ዋሸሁ፤ እጄ ላይ የነበረው ግን ድንች ነው።

አንቺ እኮ የሰው ደጅ ላይ አረም ካየሽ እጅሽን የሚበላሽ ሴት ነሽ። የሰልማ አማቶች ቤት ለሠርጉ ምክክር ሄደን፣ ሰዎቹ ስለ ጥሎሽ ሲነጋገሩ አንቺ ከወንበርሽ ሥር ያለውን አረም ስትነቅዪ አማቲቱ ማፈራቸውን ሰልማ እስከ ዛሬ ታወራዋለች። የእኛ ግቢ ሣሩ ከታጨደ በኋላ ሰው ጫማ አውልቆ ነበር የሚቀመጥበት። ያንን ግቢ ነው እንደዚያ ያየሁት።

በማግስቱ ሰልማ ጋ ደወልኩ። እባክሽ እሷን እንዳትቆጫት፤ አስጨንቄ አስጨንቄ ነው ያናዘዝኳት። ሐምሌ ላይ መውደቅሽን ነገረችኝ። የቧንቧው መንገድ ላይ ያለችው የድንጋይ ደረጃ በአረም ተሸፍና፣ እግርሽ ስቷት፣ ጋሽ ሱሌይማን በአጥሩ በኩል ሰምተው እስኪመጡ ድረስ ጭቃ ላይ ተቀምጠሽ መቆየትሽን። አክስቴ ቤት ውስጥ ሆና አልሰማችም። እኔ በዚያን ዕለት ምን እየሠራሁ እንደነበር አላውቅም፤ ምናልባት የማዳምን መጋረጃ እየተኮስኩ ነበር።

ሰልማ የቀን ሠራተኛ ይዛልሽ ብትመጣ ምሳ አብልተሽ መለስሽው አሉ። ጋሽ ሱሌይማን "ልጆቹን ሰብስቤ ላስነቅልልሽ" ቢሉሽ ደግሞ "ቀኑን የማልመልስለትን ሰው እጅ አልቀበልም" አልሻቸው። ይሄኛውን ሰልማ ስትነግረኝ እየተናደድኩ ሳቅሁ፣ ድምፅሽ ራሱ ነው የመጣብኝ። እኔ ሕፃን ሆኜ አንቺን ወባ ይዞሽ እየተንቀጠቀጥሽ የሰው ማሳ አረም ልትነቅዪ ስትወጪ አባቴ "ዛሬ እንኳ ቅሪ" ቢልሽ "የሰው ቀን ይዤ አላድርም" ያልሽው ትዝ ይለኛል። ለአንቺ ወንፈል ማለት ይሄ ነው። አንድ ቀን ሠሩልሽ፣ አንድ ቀን ትሠሪያለሽ፣ አለቀ። አሁን ጉልበትሽ እምቢ ስላለ ቀን መመለስ አልችልም ብለሽ፣ የሰው እጅ ከምቀበል አረም ይዋጠኝ ብለሽ ተቀምጠሻል። ልክ ነኝ አይደል? ተሳስቼ ከሆነ በዚያ በሚጠፋው ኔትወርክሽ ደውለሽ ንገሪኝ።

እስኪ አሁን ደግሞ የእኔን ጉድ ስሚና ሳቂብኝ። ከዚህ የጀመርኩት ነገር መጨረሻው አንቺ ግቢ ስለሆነ ታገሺኝ።

እዚህ ሻርጃ፣ ሙዋይለህ ሰፈር ያለሁበት ቤት ከጀርባው ሣር አለው። ስፋቱ ከእኛ አውድማ ትንሽ ቢበልጥ ነው። እኛ አገር ሣር ራሱ ይበቅላል፣ ከብት ይበላዋል፣ ማን ደንታ አለው! እዚህ ግን ሣር ማለት ጡት ያልጣለ ሕፃን ነው። ከፈጅር በኋላ ውኃ፣ ማታ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ውኃ። በቀትር ካጠጣሽው ይቀቀላል። በሙቀቱ ወራት አሳጥረሽ ካጨድሽው ፀሐይዋ ሥሩን ታገኘዋለች። ፍግ ይፈልጋል፣ አሸዋ ይፈልጋል፣ ጨው የሌለበት ውኃ ይፈልጋል። ይሄን ሁሉ የሚያውቀው ሻጂ የሚባል ከህንድ፣ ከኬራላ የመጣ አትክልተኛ ነው። የእኔ ሹግል፣ ሥራዬ ማለቴ ነው፣ የቤት ውስጥ ነው፤ ግን የአንቺ ልጅ አይደለሁ፣ አረም ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከሥራ ስወጣ ከሻጂ ጋር ቁጢጥ ብዬ እነቅላለሁ። እሱም ደስ ይለው ነበር፣ አንድ ቀን እስክጣላው ድረስ።

የተጣላነው ሚያዝያ ላይ ነው። የኤሲው ውኃ የሚንጠባጠብበት እርጥብ ጥግ ላይ ምን ባይ ጥሩ ነው? ቀጤማ! ቅጠሉ ረዘም ያለ፣ ግንዱ ሦስት ማዕዘን፣ ሲቀጠፍም የሚሸት። ዋላሂ እማ ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። ሻጂ ሊነቅለው ጎንበስ ሲል እጁን ያዝኩት። "ሲስተር፣ ይሄ ክፉ ነው፣ ኋላ ሙሽኪላ ያመጣል" አለኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ "የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ስለ አረም ለእኔ አትንገረኝ፤ ይሄ የአገሬ ነው፣ ለበዓል የሚጎዘጎዝ ነው" አልኩት። ትከሻውን ሰብቆ ተወኝ። እኔማ ከዚያ በኋላ ለብቻው ውኃ አጠጣው ጀመር። ለአረፋ አጨድኩትና በፌስታል ሞልቼ አጅማን፣ የአገራችን ልጅ ፋሪዳ ቤት ይዤ ሄድኩ። ቤድ ስፔስ ነው የምትኖረው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት አልጋ። በአልጋዎቹ መሃል ጎዘጎዝነው። ልጆቹ ሲያዩት እልል አሉ፤ አንዷ ፊሊፒናዊት ጎረቤታቸው በር ላይ ቆማ "ፍየል ልታስገቡ ነው?" ብላ ጠየቀች። ሳቅን፣ በላን፣ ተጫወትን። እንደዚያ ቀን አገሬ ያለሁ መስሎኝ አያውቅም።

ቀጤማ መስሎኝ ነው እንጂ እንግጫ ነበር እማ! እንግጫ! አንቺ ማሳ ውስጥ ስታዪው የምትራገሚው ያው እንግጫ። ናፍቆት ዓይኔን ሸፍኖት እኔ ተንከባክቤ፣ ውኃ አጠጥቼ አሳደግሁት። ስቆርጠው ጊዜ ባሰበት። ሻጂ ሰኔ ላይ ለረጅም ዕረፍት አገሩ ገባ፣ ማዳምና ቤተሰቧ ለሽርሽር ሄዱ፣ ሙቀቱ በረታ፣ ሣሩ ዛለ። እንግጫው ግን ሙቀቱን እንደ ጠላ ጠጣው። ማዳም በነሐሴ መጨረሻ ስትመለስ ግማሹ ሣር እንግጫ ሆኖ ጠበቃት። የልጇ ኒካህ ደግሞ ደርሷል፤ ሴቶቹ እንግዶች የሚቀመጡት ሣሩ ላይ ነው። ዞር ዞር ብላ አየችና "ኸላስ፣ ሁሉም ይነሣና የፕላስቲክ ሣር ይነጠፍ" አለች።

የፕላስቲክ ሣር አይተሽ አታውቂም። አይጠጣም፣ አያድግም፣ አይሸትም፣ በቀትር ብትረግጪው እግርሽን ያቃጥላል። እኔ ባመጣሁት ጣጣ ሕይወት ያለው ነገር ተነቅሎ ያ ሊነጠፍ ነው ብዬ ተከተልኳት። "ማዳም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንድ ጁምዓ ብቻ ስጪኝ" አልኳት። "ብቻሽን ልትጨርሺው?" አለችኝ። "ብቻዬን አይደለም" አልኳት፣ ከማን ጋር እንደምጨርሰው ገና ሳላውቅ።

ለሻጂ በድምፅ መልእክት ነገርኩት። መጀመሪያ ለብዙ ጊዜ ሳቀብኝ፤ ሳቁን ሁሉ ቀድቶ ላከልኝ። ከዚያ ግን እግዜር ይስጠው ሁሉንም አስረዳኝ። ማታውን በደንብ ውኃ አጠጪው፣ ጠዋት አትጎትቺው፤ ብትጎትቺው ላዩ ብቻ ይመጣል፣ ከሥር ሽምብራ የምታህል ጥቁር ፍሬ አለች፣ እሷ ከቀረች ተመልሶ ይመጣል፣ ዙሪያውን በቢላ ፈልፍለሽ ከነፍሬው አውጪው አለኝ።

ሦስት ሰው ጠራሁ። ሁሉንም ታውቂያቸዋለሽ። አንደኛዋ ፋሪዳ ናት፣ የላይኛው መንደር የሰለሐዲን እህት፤ አጅማን ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ሁለተኛዋ ሲሀም፣ ከወንዙ ማዶ ያለው የጀሚል እህት፤ እሷም አጅማን ልጅ ትይዛለች። ሦስተኛዋ ስንዱ ናት፣ የወፍጮ ቤቱ የጋሽ ፀጋዬ ልጅ፤ ቡር ዱባይ ፀጉር ትሠራለች። ፀጉር ቤቷ ጁምዓ ዕለት ገበያ የሚደራበት ቢሆንም ጥላ መጣች። ቢላና ካቻቢቴ ይዘን፣ ቀሚሳችንን ሸብ አድርገን፣ ከግንቡ ሥር ጎን ለጎን ተሰለፍን፣ ልክ እናንተ ጤፍ ውስጥ እንደምትሰለፉት። ፋሪዳ ማንጎራጎር ጀመረች፣ እኛ ተቀበልናት። "ያላ፣ እጅ እጃችሁን!" ትላለች፤ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ይሰደባል። የጎረቤት ሴትዮ በግንቡ ላይ ብቅ ብላ ኒካሁ ዛሬ ነው እንዴ ብላ ጠየቀች። ከዙሁር በኋላ ማዳም ራሷ አንድ ቢላ ይዛ ወጣች። አንዲቷን ፍሬዋ ሳይቀር አውጥታ "ሹፊ! ሹፊ!" እያለች ለሁላችንም አሳየችን፣ ከዚያ ጥፍሯን አይታ ገባች። ቆይታ ግን በትልቅ ትሪ መጅቡስ ላከችልን፤ ሩዙን ከነሥጋው እዚያው ጭቃችንን ሳንታጠብ ልንበላ ነበር፣ ስንዱ ተቆጥታ አስታጠበችን።

ለመግሪብ ጨረስን። የተቦረቦረውን በአሸዋና በፍግ ሞልተን ዘር በተንን። ኒካሁ ባለፈው ሳምንት እዚያው ሣር ላይ ሆነ፣ ሴቶቹ ጫማቸውን አውልቀው ሲቀመጡበት አይቼ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ድኗል ብዬ አልፎክርም፤ አሁንም በየሳምንቱ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል፣ እኔም ቢላዬን ይዤ አወጣዋለሁ። የፕላስቲኩ ወሬ ግን ቀርቷል።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ያን ዕለት ሥራው እንዳለቀ ግንቡን ተደግፈን ተቀምጠን ሳለ ስንዱ እየሳቀች "ሐጂራ፣ ቀን አለብሽ!" አለችኝ። ፋሪዳ ደግሞ "የለባትም፣ ቀጤማ ብለን እልል ያልነው እኛም ነን፣ የሣሩ ጥፋት የሁላችን ነው" አለች። እኔ አብሬያቸው መሳቅ ጀምሬ ለቅሶ ሆነብኝ። እጄ ላይ ያለውን ጭቃ እያየሁ፣ የማዳምን ግቢ አሳምሬ የእናቴን ግቢ አረም ዋጠው አልኳቸው። ካሜራው መዞሩን፣ ዱላውን፣ ደረጃዋን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፋሪዳ ተናደደች። "ሰለሐዲን እዚያው እያለ ለምን አትነግሪኝም?" አለችኝ። "እማዬ አትቀበልም፤ ቀኑን መመለስ የማትችለውን አትቀበልም" አልኳት። ያኔ ሲሀም ቀና ብላ "ቀኑን እሷ ለምን ትመልሳለች? አንቺ አለሽ አይደል?" አለች።

ይሄ ነው የመጣልን ነገር። ሰለሐዲን፣ ጀሚልና ጋሽ ፀጋዬ እዚያ ለአንቺ አንድ አንድ ቀን ይሠራሉ። እኔ ደግሞ እዚህ ለእህቶቻቸውና ለልጃቸው አንድ አንድ ቀን እሠራለሁ። ወንፈል ነው እማ፣ መሃሉ ላይ ባሕር ገባበት እንጂ ሌላ ምንም የተለየ ነገር የለውም። አንቺን ስለማውቅሽ ግን አንድ ነገር ጨመርኩበት፦ ቀድሜ ሠራሁ። ገና ሳይነግሩሽ፣ ገና እምቢ ሳትይ፣ የእኔን ቀን ጨረስኩ።

መጀመሪያ ለፋሪዳ ሠራሁ። ያ ክፍላቸው ትኋን ገብቶበት ነበር። ፍራሹን ሁሉ ጣሪያ ላይ አውጥቼ ፀሐይ አስመታሁ፣ የአልጋውን ብረት አንድ በአንድ በፈላ ውኃ አጠብኩ፣ ስንጥቁን ደፈንኩ። ማታ ላይ ወገቤ አልቀና ብሎኝ ልጆቹ ሳቁብኝ። በሚቀጥለው ጁምዓ ለስንዱ። በአውቶቡስ ሄጄ፣ ከዚያ ክሪክ የሚሉትን የባሕር ወሽመጥ በጀልባ ተሻግሬ፣ አዲስ የተከራየችውን ክፍል ቀለም ቀባሁላት፤ ሻሼ ላይ ያለው ነጭ ነጠብጣብ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ባለፈው ጁምዓ ደግሞ አጅማን ለሲሀም። ለመንጃ ፈቃድ እያጠናች ነው፤ እሷ ስታጠና እኔ ልብሷን አጠብኩ፣ ቤቷን አጸዳሁ፣ ወጥ ሠርቼ ፍሪጇን ሞላሁት። ሦስቱም "ተቀብለናል" ብለውኛል። እንዲያውም ሲሀም ወጡን ቀምሳ "ትርፍ አለው" ብላለች።

ስለዚህ እማዬ ስሚኝ። ደብዳቤውን ኪዳን ይዞልሽ ይመጣል፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ አየር መንገድ ይሠራል፣ ለዕረፍት ማክሰኞ ይበራል። ሐሙስ እጅሽ ይገባል። እነሰለሐዲን ቅዳሜ ጠዋት ይመጣሉ። ለመቆጣት አንድ ቀን ትቼልሻለሁ፣ እሱም ጁምዓ ስለሆነ ዱዓ ብታደርጊበት ይሻላል። ገንዘብ አልሰጠኋቸውም፣ ምጽዋትም አልለመንኩልሽም። አንድ አረም ሳይነቀል ከበር ብትመልሻቸው ፋሪዳም፣ ስንዱም፣ ሲሀምም የእኔን ቀን ይዘው ይቀራሉ። የሰው ቀን ይዘው እንዲያድሩ ታደርጊያቸዋለሽ። ይሄን አንቺ ታደርጊዋለሽ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው አታደርጊውም።

ደግሞ ዝም ብለሽ አልጋ ላይ ትተኛለሽ ማለት አይደለም። ወንበር አውጪና በሩ ላይ ተቀመጪ። ጀሚል ችኩል ነው፣ ካላዩት ጤና አዳሟን ከቅንጬው ጋር አብሮ ይነቅላታል፤ ጦስኙንም፣ አሪቲውንም የት የት እንደተከልሽው ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ቅንጬውን በባዶ እጅ እንዳይነኩት፣ ቆዳቸውን ያሳክካቸዋልና ፌስታል አጥልቁ በያቸው። አበባ ያወጣውን አስቀድመው ይንቀሉት፣ ዘሩ እንዳይረግፍ። ቅድሚያ ግን የቧንቧው መንገድ፣ ያቺ ደረጃ ከአረሙ ትገለጥ። ጋሽ ፀጋዬ ግራና ቀኟን ቆፍረው እንጨት ይተክሉልሻል፣ እየያዝሽ እንድትሄጂ። ዱላሽንም አትደብቂያቸው። እኔ እንደሆን አይቼዋለሁ፣ ሌላው ምን ይሆናል?

በይ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አክስቴ ሰዓዳን እጇን ስሚልኝ፤ ይሄን ጆሮዋ ላይ ጮክ ብለሽ ንገሪያት። ሰልማን ከነባሏ ከነልጆቿ ሰላም በይልኝ፣ ስለነገረችኝ ነገር ዳግመኛ እንዳትቆጫት አደራ። ወንድሜ ሙሐመድአወል ከጅቡቲ መንገድ ሲመለስ ጭነቱን አራግፎ እናቱ ቤት እንዲያድር ንገሪው፣ ብዙ ሰላምታዬንም። ጋሽ ሱሌይማንን አላህ ይስጥልን በያቸው፤ ያን ቀን በአጥሩ በኩል ባይሰሙሽ ኖሮ እኔ ዛሬ ይሄን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። የላሟን ጥጃ ወንድም ሆነ ሴት ስሙን እኔ ነኝ የማወጣው።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ይንኳኳል። ድምፁ የሰለሐዲን ሊሆን ይችላል፣ ዶማው የጋሽ ፀጋዬ ሊሆን ይችላል። ቀኑ ግን የእኔ ነው እማ። የመጣሁት እኔ ነኝ። ከፍተሽ አስገቢኝ።

ልጅሽ ሐጂራ

ሙዋይለህ፣ ሻርጃ
መስከረም 29 ቀን 2018 ዓ.ም.